ፋይሉ ማን ዘንድ ይደርሳል?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቆ ያልደነገጠ ሰው ጥቂት ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ እስኪለቅ ድረስ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋም ተከትሎት ወጣ። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ከደመወዙ እየቆነጠረ ላፕቶፕ ሊገዛ ያሰበ መምህር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ዓይኑን ወደ ታብሌት ቢያዞር አይፈረድበትም። ሱቅ ሲገባ የሚሰማውም የሚያጽናና ነው፤ ኪቦርድ ይሰካበታል፣ ወርድና ኤክሴል አለው፣ ሲም ይቀበላል፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ሁሉም እውነት ነው።

ጣጣው የሚመጣው ሥራው አልቆ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከማነጻጸርዎ በፊት ባለፈው ወር ከእጅዎ የወጡትን ሥራዎች ያስታውሱ። ማን ተቀበላቸው? በምን ከፈታቸው? ተቀባዩ ፒዲኤፍ፣ ፎቶ፣ የቴሌግራም መልእክት ወይም የተሞላ ቅጽ ሲደርሰው የሚበቃው ከሆነ ታብሌት ያዋጣዎታል። ፋይሉን ከፍቶ የሚያርም፣ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ የሚቀጥልበት ከሆነ ግን እሱ የያዘውን ዓይነት ማሽን መያዝ ይኖርብዎታል። ስለ ራም፣ ስለ ካሜራና ስለ ስክሪን ጥራት የሚወራው ከዚህ በኋላ ይምጣ።

በአገራችን ታብሌት ለሥራ ተብሎ በገፍ የተገዛበት አንድ አጋጣሚ አለ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በወረቀት ቅጽ ነበር የተካሄደው። ለአራተኛው ቆጠራ ግን የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ 180 ሺህ ገደማ ታብሌት አስገዛ፤ አብሮትም ከመቶ ሺህ በላይ ፓወር ባንክ። ቆጠራው ተደጋግሞ ተራዘመ፤ የሥራ ክፍፍሉ ግን ለእኛ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ታብሌቱ የታሰበው ቤት ለቤት ለሚዞረው ቆጣሪ ነው፤ ጠይቆ፣ ሞልቶ፣ ልኮ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። መረጃውን የሚያጣራው፣ ሠንጠረዥ የሚያወጣው፣ ሪፖርት የሚጽፈው ባለሙያ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ለባለሙያው ታብሌት፣ ለቆጣሪው ላፕቶፕ ይሰጥ ያለ ሰው አልነበረም።

በየቀበሌው የቤተሰብ መረጃ በታብሌት የሚመዘግቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቆጣሪው ወገን ናቸው። እምቦጭ አረም የት ድረስ እንደተስፋፋ ለማየት በጀልባ ጣና ላይ የሚወጣ ባለሙያም እንደዚሁ። ኮቦ ወይም ኦዲኬ በተባሉ የቅጽ መሙያ መተግበሪያዎች ለሚሠራ መረጃ ሰብሳቢ ላፕቶፕ ሸክም ነው፤ እነዚህ መተግበሪያዎች ኔትወርክ በሌለበት የተሞላውን ቅጽ ይዘው ቆይተው ኔትወርክ ሲገኝ ይልካሉ፣ ቦታውንም በጂፒኤስ ይይዛሉ፣ ፎቶም ያነሳሉ። ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ ይዞ የሚሻገር አስጎብኚም፣ ሳይት ላይ ቆሞ ፕላን የሚያይ ፎርማንም ከታብሌት የተሻለ ነገር አይፈልግም። እዚህ ላይ እንዲያውም ጥያቄው ይገለበጣል፤ ላፕቶፕ ታብሌትን አይተካም።

የሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑ ብዙ አላደክምዎትም። ደንበኛዎ ሒሳቡን የያዘው በፒችትሪ ከሆነ ፒችትሪ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ባክአፑን በፍላሽ ተቀብለው ካልከፈቱት ሥራ የለም። በኢታብስ የሚያሰላ መሐንዲስም፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ ኤስፒኤስኤስ የሚጠቀም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪም እዚያው መደብ ውስጥ ናቸው። አውቶካድ የታብሌት መተግበሪያ አለው፤ ፕላን ለማየትና ጥቃቅን ነገር ለማረም እንጂ ሙሉ ሥራ ለመሥራት አይሆንም። ኤክሴልም ቢሆን ስሙ አንድ ሆኖ አቅሙ ይለያያል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሚልኳቸው ቅጾች ማክሮ አላቸው፤ በአንድሮይድና በአይፓድ ኤክሴል ላይ ማክሮ አይሠራም። የማክሮውን ቁልፍ ቢጫኑት ዝም ይላል።

ሱቅ ውስጥ የማይነገር ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ወርድና ኤክሴልን በነፃ ለማረም የሚፈቅደው ስክሪናቸው ከ10.1 ኢንች በማይበልጥ ዕቃዎች ላይ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ማንበብ ይቻላል፤ ለማረም ግን ክፍያ ይጠይቃል፣ ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ካርዱ የሌለን ብዙ ነን። ላፕቶፕ ሊተኩ የሚገዙት ባለ ኪቦርድ ታብሌቶች ደግሞ አብዛኞቹ ባለ 11 ኢንች ናቸው። ደብሊውፒኤስ ወይም ጉግል ዶክስ ያወጣዎታል፤ ደብዳቤና ቀላል ሠንጠረዥ ላይ ልዩነቱ አይታይም፣ ረጅም ሪፖርት ላይ ግን ይታያል።

አማርኛ መጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቆጨው እዚህ ነው። ታብሌቱ ስክሪን ላይ አማርኛ ስለጻፈ በተሰካው ኪቦርድም ይጽፋል ማለት አይደለም። በጣት ሲነኩት ፊደሉን በሥርዓት የሚያወጣው መተግበሪያ ውጫዊ ኪቦርድ ሲሰካ እንግሊዝኛ ብቻ ሊያወጣ ይችላል። በስክሪን ኪቦርድ ደግሞ የገጹ ግማሽ ይሸፈናል፤ ሁለት አንቀጽ ለመጻፍ ምንም አይደል፣ የሃያ ገጽ ዕቅድ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።

የቆዩ ፋይሎች ጣጣ ከዚህ ይብሳል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በድሮው ፓወር ግዕዝ ሲጽፉ ኖረዋል፤ የእነዚህ ፎንቶች አሠራር የላቲን ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ማስቀመጥ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ታብሌት ላይ እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፍቱ የሚመጣው የላቲን ዝባዝንኬ ነው። ላፕቶፕ ላይ ፎንቱን ጭኖ መገላገል ይቻላል፤ ታብሌት ላይ ይኼ በቀላሉ አይሳካም። በኒያላ የተጻፈ አዲስ ፋይል ይነበባል፤ ነገር ግን ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ስለሆነ ታብሌቱ በሌላ ይተካዋል፣ መስመሩ ይሰበራል፣ ሠንጠረዡ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይንሸራተታል። አለቃዎ የፊርማው ቦታ ብቻውን ስድስተኛ ገጽ ላይ ወርዶ ሲያገኘው ስለ ፎንት ማብራሪያ አይሰማዎትም።

ዊንዶውስ ያለው ታብሌት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ሰርፌስ ፕሮ ቅርጹ ታብሌት ይሁን እንጂ ላፕቶፕ ነው፤ ፒችትሪም ይጫንበታል። ብቻ ዊንዶውስ የሚለውን ስም ሰምተው እንዳይቸኩሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ሰርፌስ አርቲ የሚባል ታብሌት አውጥቶ ነበር፤ መልኩ ዊንዶውስ፣ ኪቦርዱ ቆንጆ፣ ኦፊስ የተጫነበት። ሰው የለመደውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ግን አይቀበልም ነበር። በዓመቱ ኩባንያው 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ።

ኢንተርኔትን በተመለከተ የአማራ ክልል ሰው ምክር አያስፈልገውም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን። ከውጭ አገር የሚጻፉ ምክሮች ታብሌትን የሚያወድሱት ፋይልዎ ክላውድ ላይ ስላለ ሁሌም ያገኙታል ብለው ነው። እዚህ ፋይሉ እጅዎ ላይ ይሁን። ጉግል ዶክስ የሚጠቀሙ ከሆነ ፋይሎቹን አስቀድመው ለኦፍላይን ምልክት ያድርጉባቸው፤ ታብሌቱም ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ይሁን።

መብራት ላይ ግን ታብሌት ያሸንፋል፤ ይህን መናገር ይገባል። 460 ሜጋዋት የሚያመነጨውን ጣና በለስን ጎረቤት ይዘንም መብራት ይጠፋብናል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ መብራት በጠፋባት ቅጽበት ያልተቀመጠውን ሥራ ይዞ ይሞታል፤ ታብሌት በተራ ፓወር ባንክ ማታውን ይዘልቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክቶ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት የሆነበት ሰውም ያንን ቫይረስ አንድሮይድ ላይ አያገኘውም። ስብሰባ የሚበዛበት፣ ሰነድ የሚያነብ፣ የሚፈርም፣ አስተያየት የሚሰጥ ኃላፊ ከሆኑ በዚህ ብቻ እንኳ ታብሌት ሊገዙ ይችላሉ።

ላፕቶፕ ያስፈልገኛል ብለው ገንዘቡ ካልበቃዎት ታብሌት ከመግዛት ዩዝድ ላፕቶፕ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች አይቀበልም። ገበያ ላይ በርካሽ ዋጋ የሚቀርቡት ብዙዎቹ 6ኛና 7ኛ ጄነሬሽን ናቸው። ከ«ኮር አይ 5» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ፤ 7200 ከሆነ ሰባተኛ ነው፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ማስቀየርና ባትሪ መለወጥ ላፕቶፕ ላይ የተለመደ ጥገና ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ርካሽ ታብሌት ግን ብዙውን ጊዜ መለዋወጫው አይገኝለትም፣ ቢገኝም ዋጋው ከዕቃው ይጠጋል።

እጅዎ ላይ ያለውን ስልክም አይርሱት። ስክሪኑ ሰፊ ስልክ ካለዎት ታብሌት የሚጨምርልዎት የስክሪን ስፋት ነው፤ ብዙ መተግበሪያዎቹ እነዚያው ናቸው። ማንበብና ስብሰባ ለማይበዛበት ሰው የታብሌቱ ገንዘብ ለላፕቶፕ ኤስኤስዲ ቢውል ይሻላል።

አሁንም ታብሌቱ ላይ ልብዎ ካደረ ሱቅ ሲሄዱ ሦስት ፋይል በፍላሽ ይያዙ፦ ባለፈው ወር የሠሩትን ትልቁን የኤክሴል ፋይል፣ ሠንጠረዥ ያለበት የአማርኛ ሪፖርት፣ አንድ የቆየ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ፍላሹን ለመሰካት ኦቲጂ የሚባለው ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ሻጩ ከሌለው ገዝተው ይሂዱ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ኪቦርዱን አሰክተው አንድ አንቀጽ አማርኛ ይጻፉ። ከዚያ ሪፖርቱን አርመው መልሰው ፍላሹ ላይ ያስቀምጡና አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስከፍቱት፤ የገጹ ቁጥር ካልተለወጠ፣ ሠንጠረዡም ካልፈረሰ ይክፈሉ። ሻጩ ይህን ለመሞከር ካልፈቀደልዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።