በጅማና በዙሪያው ባለው የቡና አገር የኮመጠጠ አፈር እህልን እንዳይጎዳ ስለ መጠበቅ

የጅማ አገር፤ እንዲሁም በዙሪያው ያሉት አጋሮ፤ ማና፤ ጌራና ሊሙ ኮሳ፤ ዘወትር ለምለም ስለሆኑ አፈራቸው እንከን የሌለበት ይመስላል። ነገር ግን በዓመት 1500 ሚሊሜትር ያህል የሚወርደው ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከቀዩ አፈር እያጠበ ይወስዳቸዋል። አገዳውና ገለባውም ከመከር በኋላ ከእርሻው ስለሚነሣ ጕድለቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል፤ አፈሩም ይኮመጥጣል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶው 40 እጅ የሚበልጠው ኮምጣጣ እንደሆነ ይገመታል።

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ልክ ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል። ልኩ ከ5.5 በታች በወረደ ጊዜ፤ ድስት የሚሠራበት አሉሚኒየም የሚባለው የብረት ዘር፤ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ከነበረበት ሟሙቶ ወደ አፈሩ ውሃ ይገባል። የሥሩንም ጫፍ ስለሚመርዘው ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ውሃና ምግብ ፍለጋ ወደ ታች ሊዘልቅ አይችልም። ከዚህም በላይ አሉሚኒየሙ ፎስፎረስን ስለሚይዘው፤ ገበሬው በብዙ ገንዘብ የገዛው ማዳበሪያ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ማዳበሪያ ተደርጎበት እህሉ ያልፋፋ እንደሆነ፤ የገበሬውን ስንፍና ከመውቀስ አስቀድሞ አፈሩን ማስመርመር የሹም ተግባር ነው።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ኖራ ኮምጣጣነቱን ስለሚያበርድ የሟሟው አሉሚኒየም ተመልሶ ይረጋል፤ ሥሩንም መጉዳቱን ይተዋል። የብራዚል መንግሥት ሴራዶ የሚባለውን ሰፊ አገሩን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970 ወዲህ ለእርሻ ሲያቀና ዋና መሣሪያ ያደረገው ይህንኑ ኖራ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ከእርሻው ልዩ ልዩ ቦታ አፈር ተወስዶ ይመረመራል። ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ኖራ ያስፈልጋል። ከልክ ያለፈ እንደሆነ ግን ተክሉ ዚንክና ብረት እንዳያገኝ ስለሚያደርግ ሳይለኩ መበተን አይገባም።

2ኛ፤ ኖራው ከዘር በፊት አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ይበተናል፤ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀትም ከአፈሩ ጋራ ይደባለቃል።

3ኛ፤ ፍግና ብስባሽ አሉሚኒየሙን ስለሚይዙ ኖራውን ይረዳሉ። የቡናውም ገለፈት ወደ ወንዝ ከሚጣል ይልቅ ተከምሮ ቢበሰብስ ለእርሻው ይጠቅማል።

4ኛ፤ ገብስና ባቄላ በኮምጣጣ አፈር እጅግ ይጎዳሉ፤ ቡና ግን መጠነኛ ኮምጣጣነትን ይወዳል። ስለዚህ ለገብስ እርሻ የታዘዘው ኖራ እንዲሁ ለቡናው አይሰጥም። ስለዚህ ጕዳይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ዓመት የተቋቋመውን የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ምክር መጠየቅ መልካም ነው።

ኖራ ከባድ ጭነት ነው፤ የገጠሩም መንገድ በክረምት ይጨቀያል። የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ የደረሰ ኖራ ለዚያ ዓመት ሰብል አይረዳም። የወረዳ ሹማምንት ምርመራውንና ማመላለሱን በበጋ ቢፈጽሙ የገበሬው ድካምና ገንዘብ በከንቱ አይቀርም።