ውሃው የተኛበትና የገባበት፦ በአሮጌ መኪና የኋላ ኮፈን የሚጠራቀም ውሃ ምንጩ እንዴት ይገኛል?

ዝናቡ ካባራ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የመኪናው የኋላ ኮፈን ሲከፈት ግን የሻጋታ ሽታ ይወጣል። ምንጣፉ ሲነሣ የስኮርት ጎማው ማስቀመጫ ጎድጓዳ ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለ መኪናዎች የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው፤ ውሃውን ይቀዳሉ፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ በጎድጓዳው አካባቢ ያዩትን ስንጥቅ ሁሉ በሲሊኮን ይደፍናሉ። በቀጣዩ ዝናብ ውሃው ተመልሶ ይመጣል። ውሃው የተኛበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ አይደሉምና።

ውሃ እንዴት ይጓዛል?

የስኮርት ጎማው ጎድጓዳ ከኮፈኑ ወለል ሁሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ውሃ ከየትም ይግባ መጨረሻ የሚያርፈው እዚያ ነው። በኋላ መስታወት ጠርዝ የገባ ጠብታ የላሜራውን መጋጠሚያ ተከትሎ፣ በሽቦዎች ላይ እየተንሸራተተ፣ ከመግቢያው ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል።

ከዚህም በላይ ውሃ ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ አይሄድም። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ ሁለት ላሜራዎች ተቀራርበው የፈጠሩት ጠባብ ክፍተትም ውሃን ወደ ላይ ይስባል። ይህ ጠባይ ካፒላሪቲ ይባላል። በስሌት ሲታይ፣ ንጹሕ በሆኑ ሁለት ገጾች መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊሜትር ሲሆን ውሃው ወደ 1.5 ሴንቲሜትር፣ 0.1 ሚሊሜትር ሲሆን ደግሞ እስከ 15 ሴንቲሜትር ሊወጣ ይችላል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ብዙ ውሃ የሚያስገባው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አየር ነው። መኪና በፍጥነት ሲጓዝ ከኋላው የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ከጎማዎቹ የሚረጨው ውሃ ወደዚያ እየተሳበ የኋላውን አካል ያርሰዋል። በመሆኑም ቆሞ የማያስገባ መኪና በጉዞ ላይ ሊያስገባ ይችላል።

የተለመዱ መግቢያዎች

በአሮጌ መኪና በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የኮፈኑን አፍ ዙሪያ የሚያሽገው ጎማ ነው። ጎማ በሙቀትና በፀሐይ ጨረር ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ተጨፍልቆም ይቀራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ውስጥ ለዓመታት የቆመ መኪና ይህ ፈጥኖ ይደርስበታል።

ሁለተኛው በኋላ መብራቶችና በላሜራው መካከል ያለው ስስ ማሸጊያ ነው። ሦስተኛው ከኮፈኑ ክዳን ሥር ባለው የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ የላሜራ መጋጠሚያዎችን የሚደፍነው ማስቲሽ ሲሰነጠቅ የሚፈጠረው ክፍተት ነው። የኋላ መስታወት ጠርዝ፣ የአንቴና መትከያ እንዲሁም በጎድጓዳው ወለል ላይ ያሉ የጎማ ውታፎችም መታየት አለባቸው። በብዙ መኪኖች ከፓራውልቱ ጀርባ የአየር ማስወጫ መስኮቶች አሉ፤ በር ሲዘጋ የሚታመቀው አየር የሚወጣው በእነርሱ ነው። እነዚህ ዙሪያቸው ይታሸጋል እንጂ ራሳቸው አይደፈኑም።

ዝናብ በሌለበት ቀን ውሃ ከታየ ደግሞ፣ በሀችባክና በስቴሽን ዋገን መኪኖች ለኋላ መስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ተላቅቆ ሊሆን ይችላል።

ፍተሻው ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ስኮርት ጎማው፣ ክሪኩና ምንጣፉ ወጥተው ወለሉ ፈጽሞ ይደርቃል። እርጥብ ወለል ላይ አዲስ ጠብታ አይለይም።

ሁለተኛ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት በማሸጊያው ጎማ ላይ ተደርጎ ክዳኑ ይዘጋና ወረቀቱ በቀስታ ይሳባል። ያለ ምንም መያዝ የሚወጣ ከሆነ ጎማው በዚያ ቦታ አይገጥምም። ይህ በየአሥር ሴንቲሜትሩ ይደገማል።

ሦስተኛ፣ በጨለማ የበራ የእጅ ባትሪ ኮፈኑ ውስጥ ተትቶ ክዳኑ ይዘጋና ከውጭ ብርሃን የሚያፈተልክበት ቦታ ይፈለጋል። ሰው ውስጥ ገብቶ እንዲዘጋበት ማድረግ ግን አይገባም። በአሜሪካ ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ መኪኖች ከውስጥ መክፈቻ እንዲኖራቸው አይገደዱም ነበር።

አራተኛ፣ በሚጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ሥር የሕፃናት ፓውደር ይነሰነሳል። ከዚያም ክዳኑ ተዘግቶ በውሃ ጎማ ዝግ ያለ ውሃ ይፈስሳል። ከታች ተጀምሮ በየቦታው ጥቂት ደቂቃ እየቆዩ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ ያርስና ጥፋተኛው አይለይም። በየደረጃው ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው በፓውደሩ ላይ የተወው መስመር እስከ መነሻው ይታያል። ከፍተኛ ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ መጠቀም ያሳስታል፤ ዝናብ በማይገባበትም ያስገባልና።

ጥገናው

ጎማው የቆሸሸ ብቻ ከሆነ ታጥቦ የሲሊኮን ቅባት ይቀባል፤ የነዳጅ ዘይት ዘር የሆነ ግሪስ ግን ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል። ተጨፍልቆ የቀረ ጎማ መቀየር አለበት። የኋላ መብራት ተፈትቶ አሮጌው ማሸጊያ ይጸዳል፣ አዲስ ይገባለታል፣ ዳዶዎቹም በእኩል ኃይል ይጠብቃሉ፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

በተሰነጠቀ መጋጠሚያ ላይ አዲስ ማስቲሽ ከመጨመር በፊት አሮጌው ይፋቃል፣ ዝገቱ ይጠረጋል፣ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ለመኪና ላሜራ የተሠራ የፖሊዩሬቴን ማስቲሽ ይደረጋል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የቤት ሲሊኮን እየደረቀ አሲድ ስለሚያወጣ ብረቱን ለዝገት ይዳርጋል። በማጣበቂያ የተገጠመ የኋላ መስታወት ግን ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ቸል ማለት ምን ያስከትላል?

ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙ ዝገት ይፈጠራል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወደ ኮፈኑ ከገባ ሂደቱን ያፋጥነዋል። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ባትሪው ከኋላ ነው። ለምሳሌ ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሞዴል የሆነው ቶዮታ ፕሪየስ 201.6 ቮልት ያለው የሃይብሪድ ባትሪው ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ይገኛል። በዚህ አካባቢ ውሃ ከታየ ብርቱካንማዎቹን ገመዶች ሳይነኩ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን በዓይን አይታይም። ውሃ ያስገባ ቀዳዳ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጋዝም ሊያስገባ ይችላል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ኮፈኑን አልፎ ወደ ተሳፋሪዎች ሊደርስና ሊገድል ይችላል። ስለዚህም ውሃው እንዲወርድ ብሎ የወለሉን ውታፍ ነቅሎ መተው ጥገና አይደለም። በጉዞ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማ መኪናውን አቁሞ መውረድና ፈጥኖ ሕክምና መፈለግ ያስፈልጋል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የውሃው ፍተሻ ይደገማል። ምንጣፉ መመለስ ያለበት ወለሉ ደርቆ ሲገኝ ነው። ከመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ በኋላም አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጎ ማየት ይበጃል።