ስለ ቀዝቃዛ ሻይ አዘገጃጀትና ስለ ንጽሕናው



በበጋ ወራት፣ የፀሐይ ሙቀት በበረታ ጊዜ፣ ከትኩስ ሻይ ይልቅ የቀዘቀዘውን የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። በቤቱ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው የሻይ ቅጠል በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ በማሳደር ጥሩ መጠጥ ሊያዘጋጅ ይችላል። በጃፓን አገር ይህ አሠራር በበጋ ጊዜ እጅግ የተለመደ ነው። እኛም በዚህ ወር ትምህርታችን አሠራሩን ከነጥንቃቄው እንገልጻለን። ያለ ጥንቃቄ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ይህ ደስ የሚያሰኝ መጠጥ ለተቅማጥና ለአንጀት ተስቦ መግቢያ በር ሊሆን ይችላልና።

ቀዝቃዛ ውኃ ከቅጠሉ ምን ያወጣል?

የሻይ ቅጠል ቀለምና መዓዛ፣ አፍን የሚያጨማድድ ታኒን፣ እንዲሁም እንቅልፍ የሚከለክል ካፌይን አለው። የፈላ ውኃ እነዚህን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ያወጣቸዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ግን ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ታኒኑንና ካፌይኑንም የሚያወጣው በአነስተኛ መጠን ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ የወጣ ሻይ ምሬቱ ያነሰ፣ ጣዕሙም የለሰለሰ ይሆናል፤ ብዙ ስኳርም አይፈልግም።

እሳት የሚሰጠን ጥበቃ

እናቶቻችን ሻይ ሲያፈሉ ስለ በሽታ ባያስቡም እንኳ እሳቱ ቤተ ሰቡን ይጠብቅ ነበር። በውኃ ውስጥ የሚገኙ፣ በዐይን የማይታዩ የበሽታ ተሐዋስያን ውኃው ሲፈላ ይሞታሉና። ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውኃ በዘፈዘፍን ጊዜ ግን ይህን ጠባቂ ከበር አስወጣነው ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ደግሞ የእሳትን ሥራ አይሠራም፤ የተሐዋስያንን መራባት ያዘገያል እንጂ አይገድላቸውም። ካልፈላ ውኃ የተሠራ በረዶም እንዲሁ ነው።

የውኃ ንጽሕና በመልክና በጣዕም አይታወቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በተባለው ሠፈር ኮሌራ በተነሣ ጊዜ፣ ዶክተር ጆን ስኖው የበሽታው ምንጭ በሠፈሩ የነበረው የእጅ ፓምፕ ውኃ መሆኑን መርምሮ አስረዳ። የዚያን ውኃ ጣዕም ወዳ ከሩቅ ሠፈር ታስመጣ የነበረች አንዲት ሴት በዚያው በሽታ ሞተች። ውኃውን በምግብ ሰዓት ታቀርብ የነበረች የቡና ቤት ባለቤትም ከደንበኞችዋ 9 ሰዎች መሞታቸውን ለሐኪሙ ነገረችው።

እኛም ራሳችን ስሕተት ፈጽመናል። በውጭ አገር ስንማር በቀዝቃዛ ውኃ የወጣ ሻይ መጠጣት ለምደን ነበርና፣ ወደ አገራችን በተመለስን በመጀመሪያው በጋ ለእንግዶች ይህንኑ አዘጋጀን። ውኃው በበርሜል ውስጥ ሁለት ቀን የተቀመጠ ነበር፤ ጥርት ብሎ ስለታየን ሳናፈላ ዘፈዘፍንበት። ከጠጣነው ከአምስታችን ሦስታችን በተቅማጥ ታመምን፤ አንዱም የ6 ዓመት ልጅ ነበረና ሐኪም ቤት ተኝቶ ታከመ። ሕመሙ ከሻዩ መምጣቱን በምርመራ አላረጋገጥንም፤ ነገር ግን ንጽሕናን ለሌላው የምናስተምር እኛ ያልፈላ ውኃ ለእንግዳ ማቅረባችን ዛሬም ያሳፍረናል።

አሠራሩ

1ኛ/ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ጠርሙሱን፣ ክዳኑንና ማጥለያውን በሳሙና አጥቦ በፈላ ውኃ ማለቅለቅ።

2ኛ/ 1 ሊትር ውኃ ማፍላት። ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ተሐዋስያኑን ለመግደል ይበቃል። ስኳር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ ወይም ሄል የሚፈልግ ሰው በዚህ ጊዜ ጨምሮ አብሮ ያፍላ።

3ኛ/ የፈላውን ውኃ እንደ ተከደነ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሞ ማብረድ። ጣት ወይም ያልታጠበ ጭልፋ አይግባበት።

4ኛ/ የበረደውን ውኃ በጠርሙሱ ገልብጦ 10 ግራም ያህል የሻይ ቅጠል፣ ወይም ባለ 2 ግራም የሻይ ከረጢት 5 መጨመር።

5ኛ/ ከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ማቆየት። የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን።

6ኛ/ ቅጠሉን አጥልሎ መጣል፤ ሻዩንም በ24 ሰዓት ውስጥ ጠጥቶ መጨረስ። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከ4 ሰዓት በላይ የቆመ እንደ ሆነ መድፋት ይገባል።

ልዩ ማሳሰቢያ

ደረቁ ቅጠል ራሱ ከተሐዋስያን ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። ስለዚህ ለሕፃናት፣ ለሽማግሌዎች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕሙማን የሚሻለው በፈላ ውኃ የወጣውን ሻይ አቀዝቅዞ መስጠት ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤትም እንዲሁ ያድርግ፤ ያንለትም ይጠጣው። ጠርሙሱን በፀሐይ ላይ አቁሞ ሻይ ማውጣት ግን አይገባም፤ የፀሐይ ሙቀት ውኃውን ለብ ያደርገዋል እንጂ አያፈላውም፤ ለብታም ለተሐዋስያን የሚስማማ ነው።

ሻይ፣ ትኩስም ሆነ ቀዝቃዛ፣ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንስበት፣ ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ አንድ ሰዓት አርቆ ይጠጣው።

ለመምህራን

ፈልቶ የበረደ ውኃ በአንድ ብርጭቆ፣ ትኩስ የፈላ ውኃ በሌላ ብርጭቆ አድርገው፣ በሁለቱም የሻይ ከረጢት ይጨምሩ። ተማሪዎች የቀለሙን አወጣጥ በየ5 ደቂቃው ይመዝግቡ። ከዚያም «ቀዝቃዛው ውኃ አስቀድሞ ፈልቶ እንደ ነበረ በዐይን ማወቅ ይቻላልን?» ብለው ይጠይቋቸው። አይቻልም የሚለውን መልስ ያገኘ ተማሪ የዚህን ትምህርት ፍሬ አግኝቷል፤ ወደ ቤቱም ሲመለስ ውኃው መፍላቱን መጠየቅ ይጀምራል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ 3 ደቂቃ ውኃ ማፍላት የብዙ ቀን ሕመምን ያስቀራል።