የግቢ ኩሬ ውሃ ለምን አረንጓዴ ይሆናል?

በግቢ ውስጥ ለጌጥ ወይም ለዓሣ ማርቢያ የተሠራ ኩሬ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ሊደፈርስ ይችላል። ለዚህ ምክንያት የሚሆነው አልጌ (ዋቅላሚ) ነው። ብዙዎች ወዲያውኑ የሚያስቡት አልጌውን በኬሚካል ስለ መግደል ነው። ይሁን እንጂ መቅደም ያለበት ጥያቄ «አልጌው ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ከየት አገኘ?» የሚለው ነው።

የፎስፈረስ ሚና

አልጌ ለማደግ ብርሃን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሻል። በብዙ ሐይቆችና ኩሬዎች ዕድገቱን የሚገድበው በጥቂቱ የሚገኘው ፎስፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ሐይቅ 226 የተባለውን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ ፎስፈረስ የጨመሩት ግን በአንደኛው ብቻ ነበር። በአልጌ የተሸፈነውም ይኸው ወገን ነው።

መግደል ለምን አይበቃም?

ኮፐር ሰልፌት አልጌን ይገድላል። ነገር ግን የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ፎስፈረሱ ወደ ውሃው ተመልሶ ለሚቀጥለው አልጌ ሲሳይ ይሆናል። አልጌውን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ስለሚጠቀሙ ዓሣዎች ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ። መዳቡ ራሱም መጠኑ ሲበዛ ለዓሣ መርዝ ነው።

ኬሚካል ባይጨመር እንኳ አደጋው አይቀርም። ሌሊት ብርሃን አስተጻምሮ ስለሚቆም አልጌ ኦክስጅን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ስለዚህ አልጌ በበዛበት ኩሬ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ንጋት ላይ ነው። ዓሣዎች በማለዳ በውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ መታየታቸው የዚህ ምልክት ነው።

የመፍትሔ እርምጃዎች

1. ፎስፈረስ እንዳይገባ መከላከል፦ ማዳበሪያ ከተደረገበት መሬት የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ማስቀየስ፤ ለዓሣዎቹም በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መመገብ።

2. የገባውን ማውጣት፦ እንደ ክር የሚያድገውን አልጌ በእንጨት ጠቅልሎ፣ የረገፈውን ቅጠልና ደለሉን ጠርጎ ከኩሬው ማራቅ። ይህ ለአትክልት ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል።

3. ጥላ ማበጀት፦ ቅጠላቸው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዕፅዋት ብርሃን ይቀንሳሉ፤ ንጥረ ነገሩንም ይሻማሉ። አበባው ቢያምርም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ሐይቅን የወረረውን እምቦጭ መትከል ግን አይገባም።

በደለሉ ውስጥ የተከማቸው ፎስፈረስ ቀስ በቀስ ስለሚለቀቅ ለውጡ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሙከራ

ሁለት ጠርሙሶችን በኩሬ ውሃ ሞልታችሁ በመስኮት አጠገብ አስቀምጡ። በአንደኛው ብቻ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ቁንጥር ጨምሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሁለቱን ቀለም አወዳድሩ፤ የልዩነቱንም ምክንያት አስረዱ።