ወንጭፍና ጋቢ



በፊዚክስ ትምህርታችን ስለ ክብ እንቅስቃሴ በተማርን ጊዜ ለምሳሌ የቀረበልን በሲባጎ ታስሮ የሚሽከረከር ኳስ ነበር። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን በአቃቂ ቃሊቲ ለምንኖር፥ ይልቁንም በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ በኩል ዘመዶቻችን እርሻ ላላቸው ተማሪዎች፥ ከኳሱ ይልቅ የሚቀርበን ወንጭፍ ነው። እኔ ራሴ ጤፉና ስንዴው ማሸት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ታጭዶ እስኪከመር ድረስ፥ ትምህርት በሌለበት ቀን ሁሉ በአጎቴ ማሳ ወፍ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ወፍ ጠባቂ ሁሉ በእጁ የሚያውቀውን፥ ምክንያቱን ግን ብዙ ጊዜ የማይጠይቀውን አንድ ነገር መርምሬ ላቀርብላችሁ አሰብሁ። ነገሩም ይህ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ያሰበውን ስፍራ የሚመታ ሰው፥ ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ሲወረውር ድንጋዩ ለምን ሌላ ስፍራ ይሄድበታል?

የአካባቢያችንን ብርድ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር መሬቱ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ሲሰድድ ያድራል፤ ቀዝቃዛውም አየር ከባድ ስለ ሆነ ከየኮረብታው እየወረደ በወንዙ ዳርና በመረሬው ሜዳ ላይ ይተኛል። ውርጭ የሚጥለውም እንዲህ ባለው ሌሊት ነው። ወፉ ደግሞ ፀሐይ እስክትሞቅ አይጠብቅም። ሌሊቱን ሳይበላ ስላደረ ጎሕ ሲቀድ ከዛፉ ይነሣል፤ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ረግረግ የሚመጣው ዝይም እንደዚሁ ማለዳ ይወዳል። እንግዲህ ጠባቂው እጅግ በሚበርደው ሰዓት፥ እጅግ ወፍራሙን ልብስ እንደ ለበሰ፥ ከቀኑ ሥራ ሁሉ የበለጠውን ሊሠራ ይገባዋል ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ የመሳት ጉዳቱ ከምርቱ አልፏል። ቀድሞ ማሳው ሰፊ በነበረበት ዘመን የሳተ ድንጋይ ቢበዛ የሚወድቀው በሌላ ሰው ጤፍ ውስጥ ነበር። አሁን ግን ኮንዶሚኒየሙና መንገዱ በብዙ ስፍራ እስከ ማሳው ጠርዝ ደርሷል፤ ድንጋዩ ከሳተ የሚያገኘው በመንገድ የሚሄድ ተማሪ፥ የመኪና መስተዋት ወይም የጎረቤት ከብት ነው። በእኛ ሰፈር አንዲት የምትታለብ ላም በአንድ ማለዳ እንዲህ ባለ ድንጋይ አንድ ዐይኗ ጠፍቷል። ወርዋሪው ክፋት አልነበረበትም፤ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ነበር እንጂ። ካሣው ተከፍሏል፤ የሁለቱ ቤተ ሰቦች ሰላምታ ግን እስከ ዛሬ ከአንገት በላይ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ፥ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17፥ ስለ ዳዊትና ስለ ጎልያድ የተጻፈውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም የምናስታውሰው ከወንዝ የተመረጡትን አምስት ድንጋዮች ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የተጻፈው ነው። ንጉሥ ሳኦል ለዳዊት የራሱን የጦር ልብስ አልብሶት ነበር፤ ዳዊትም ሞክሮ ስላላስለመደው አወለቀው። ዳዊት ስለ ክብ እንቅስቃሴ ባይማርም፥ ልብስ ትከሻን እንደሚይዝ እረኝነቱ ሳያስተምረው አልቀረም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ወንጭፍ ሁለት ገመድና በመካከላቸው ድንጋይ የሚቀመጥበት ቆዳ ነው። ገመዱ ከጠፍር ወይም ከቃጫ ይሠራል። አንደኛው ጫፍ ጣት የሚገባበት ዐይን አለው፤ ሁለተኛው ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተቆንጥጦ ይያዝና በመወርወሪያው ጊዜ ይለቀቃል። ሲሽከረከር ድንጋዩ ዘወትር ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይታገላል፤ ገመዱ ግን ወደ መካከል እየጎተተ መንገዱን ያጥፈዋል። ገመዱ በተለቀቀበት ቅጽበት የሚጎትተው ስለሌለ፥ ድንጋዩ በዚያች ነጥብ ክቡን በሚነካው መስመር ቀጥ ብሎ ይወጣል። መምህራችን ታንጀንት ያሉን ይህንኑ ነው።

በቍጥር እንየው። የክንድና የገመድ ርዝመት ተደምሮ ድንጋዩ የሚዞርበት ክብ ሬዲየስ 1 ሜትር ይሁን፤ ድንጋዩ 100 ግራም ይመዝን፤ በሚለቀቅበት ጊዜም ፍጥነቱ በሴኮንድ 25 ሜትር፥ ማለት በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሁን። የድንጋዩ መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለሬዲየሱ ሲካፈል ገመዱን የሚጎትተው ኀይል 62.5 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ከ6 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ ከማንጠልጠል ጋር እኩል ነው። እኩሌታውን ዐይን ያለው ገመድ ሲሸከመው እኩሌታው በቆነጠጡት ሁለት ጣቶች ላይ ይወድቃል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ድንጋዩ በዚህ ፍጥነት ሲዞር በአንድ ሴኮንድ ከ1400 ዲግሪ በላይ ያልፋል። እንግዲያስ ጣት ከተገቢው ጊዜ በሴኮንድ አንድ ሺህኛ ብቻ ቢዘገይ አቅጣጫው 1.4 ዲግሪ ያህል ይጣመማል፤ በ40 ሜትር ርቀት ላይም ድንጋዩ ከታሰበው ስፍራ 1 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን ሒሳብ በሠራሁ ጊዜ፥ ወፍ ጠባቂ ከቶ እንዴት አንድ ነገር መምታት ቻለ ብዬ ተደንቄአለሁ።

ጋቢ እንግዲህ ምን ያደርጋል? ጋቢ በአራት ድርብ የሚሠራ የጥጥ ልብስ መሆኑ የታወቀ ነው። ሙቀቱን የሚጠብቀው ጥጡ ብቻ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል የተያዘው አየር ነው፤ ስለዚህም ሰው በበረደው መጠን ሁለቱን ትከሻ ሸፍኖ አጥብቆ ይጠቀለልበታል። እንዲህ የተጠቀለለ ሰው ክንዱን ከደረቱ እንደ ልብ ማራቅ አይችልም። በዚህ ምክንያት የክቡ ሬዲየስ ከ1 ሜትር ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር፥ እጁም በዚያው ቅልጥፍና ቢያዞር፥ የድንጋዩ ፍጥነት በሴኮንድ 20 ሜትር ብቻ ይሆናል። የአየሩን ግጭት ትተን በ45 ዲግሪ ብንወረውረው፥ 64 ሜትር ያህል ይሄድ የነበረው ድንጋይ አሁን 41 ሜትር ሄዶ ይወድቃል። ፍጥነቱ የጎደለው አምስተኛ እጅ ሲሆን ርቀቱ የጎደለው ከሢሶ በላይ ነው፤ ርቀት የሚከተለው የፍጥነትን ካሬ ነውና። በዚህ ላይ የጋቢው ጫፍ በመካከል ገብቶ ገመዱን ከነካው ሒሳቡም አይረዳንም፤ ድንጋዩ ወደ ፈቀደው ይሄዳል።

የጣቶች ጉዳይ ከጋቢው የተለየ ነው። ሰውነታችን ሲበርደው ልብንና ሳንባን የመሳሰሉትን ለመጠበቅ ደሙን ከጣቶች ወደ ውስጥ ይሰበስባል። የቀዘቀዘ ጣት ስሜቱ ይደነዝዛል፤ በነርቭም የሚተላለፈው መልእክት ይዘገያል፤ ጡንቻውም ይሰንፋል። ስለዚህ ገመዱ ዘግይቶ ይለቀቃል። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ገመዱን ከራሱ በላይ ከቀኝ ወደ ግራ እያዞረ ቢወረውር የዘገየው ድንጋይ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከጎኑ ከላይ ወደ ታች እያዞረ ቢወረውር ደግሞ ድንጋዩ ሳይርቅ ከፊቱ መሬት ይመታል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ስሕተት ይሻላል፤ በግራና በቀኝ የቆመውን ሰው አይነካምና። ይሁን እንጂ ከጎን ማዞር የጋቢውን ጫፍ ስለሚያገኘው፥ ይህን አወራወር የሚመርጥ ሰው አለባበሱን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት።

እግረ መንገዴን ስለ ቀስት ጥቂት ልጨምር። በአገራችን በቀስት ከታወቁት ወገኖች አንዱ የመተከሉ የጉሙዝ ሕዝብ ነው፤ ቆላ ስለ ሆነ ጋቢ ከአውታር ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለም። በባሕር ማዶ ግን በረዶ ላይ ቆመው ፍላጻ የሚሰድዱ ብዙ ናቸው። የብዙዎቹ መሣሪያ ሆሌስ ዊልበር አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው በ1969 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ መዘውር ቀስት ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት መዘውሮች ሲዞሩ፥ መጀመሪያ 27 ኪሎ ያህል የሚከብደው አውታር ተስቦ ሲያበቃ እስከ 5 ኪሎ ተኩል ድረስ ሊቀልል ይችላል። ተኳሹም ሳይደክም ያነጣጥራል። ሆኖም ወፍራም ካፖርት ሲለብስ አውታሩ ሲመለስ እጅጌውን ወይም ደረቱን ይነካና ፍላጻው ገና ሳይለይ ይናጋል፤ የአንገት ልብሱ ጉንጩን ስለሚሸፍን እጁ የለመደውን ማረፊያ ያጣል፤ ወፍራሙ ጓንቲም የጣቱን ስሜት ይወስድበታል። ስለዚህ የክንዱን እጅጌ አጥብቆ ያስራል፤ ደረቱን በጠባብ ነገር ይሸፍናል፤ የቀስቱንም ክብደት ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ ብርዱ ሳይመጣ ያንኑ ወፍራም ልብስ ለብሶ ይለማመዳል። የእኛ የወፍ ጠባቂዎች ችግርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልብስ፥ ራስና ጣት ነው።

እኔ የተጠቀምሁበት አለባበስ እንደሚከተለው ነው። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጠብቅ ሹራብ እለብሳለሁ፤ ደረትና አንገት ከሞቁ ደሙ ከጣት ቶሎ አይሸሽም። ጋቢውን በግራ ትከሻዬ ላይ አድርጌ በቀኝ ብብቴ ሥር አሳልፈዋለሁ፤ የቀረውንም ወገቤ ላይ አጥብቄ አሸርጠዋለሁ። ቀኝ ትከሻዬ በሹራብ ብቻ ይቀራል፤ መጀመሪያ ይበርዳል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ከወረወሩ በኋላ ግን ይረሳል። ራስን በጋቢ መከናነብ ዐይንን ከጎን ስለሚጋርድ ኮፍያ ይሻላል። ጓንቲ ያለው ሰው የአውራ ጣቱንና የሌባ ጣቱን ጫፍ ይቍረጠው። በሁለት ውርወራ መካከል ቀኝ እጅ በግራ ብብት ውስጥ ይረፍ። የሚወረወረውም ነገር በጤዛ ከራሰ መሬት በየጊዜው ከሚለቀም ይልቅ በከረጢት ሆኖ በጋቢው ሥር ቢያዝ እጅ አያቀዘቅዝም። ጠፍር ጤዛ ሲጠጣ ስለሚለጠጥና ስለሚያንሸራትት ወንጭፉን ማታ ማማው ላይ ትቶ መሄድ አይገባም።

ስለ በርኖስ የጠየቁኝ ጓደኞች አሉ። ከበግ ጠጕር የተሠራ በርኖስ ለውርጭ የሚተካከለው የለም፤ ነገር ግን ለመቀመጥ እንጂ ለመወርወር የተሠራ አይመስለኝም። የመንዝ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ጥፋቱን በአየሩ ላይ የሚያሳብም ይኖራል። እርግጥ ነው፥ የማለዳ ቀዝቃዛ አየር ከእኩለ ቀኑ ጥቂት ይከብዳል። በእኛ ከፍታ ግን አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ለ100 ግራም ድንጋይ የማለዳና የቀትር ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ይህን ራሱ መርምሮ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከታጨደ ማሳ ላይ ገለባ የተሞላ ማዳበሪያ በ30 እርምጃ ርቀት ያቁም። አሥር ጊዜ በሸሚዝ፥ አሥር ጊዜ ጋቢ ተከናንቦ፥ አሥር ጊዜ ጋቢውን አሸርጦ ይወርውር፤ የወደቀበትንም ሁሉ በችካል ምልክት አድርጎ ከማዳበሪያው ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ። እኔ ስሠራው የተከናነብሁበት ችካሎች ወደ ግራ ተበታትነው ሲታዩ፥ ያሸረጥሁበት ከሸሚዙ ብዙ አልተለዩም ነበር። ለዚህ ሥራ ድንጋይ አያስፈልግም፤ የደረቀ የመረሬ ጓል ይበቃል፤ ሲወድቅ ይፈረካከሳልና። ለወፉም ቢሆን እኔ የምወረውረው ጓል ነው፤ አጠገቡ መውደቁ ያስነሣዋል። በምትወረውሩበት ጊዜ ከጎናችሁም ሆነ ከኋላችሁ ማንም አይቁም፤ ገመዱ ያለ ጊዜው ካመለጠ ድንጋዩ ወደ ኋላም ሊሄድ ይችላል።