«ለምን ቀረህ?» ለሚል አሠሪ የሚሰጥ መልስ

ሥራና ትምህርት አጣምረን የምንይዝ፣ ወይም ጥቂት ዓመት ሠርተን ወደ ትምህርት የተመለስን ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ከእኛም መካከል ታመው ከሥራ የቀሩ አሉ። ታሞ መዳን ምስጋና የሚቀርብበት ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ያው የዳነው ሰው አዲስ ሥራ ሲፈልግ «በዚህ ጊዜ የት ነበርህ?» የተባለ እንደ ሆነ መልሱ በጉሮሮው ይሰነቀራል። ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በማታው ክፍል አብሮን የሚማር አንድ ጓደኛችን፣ በአንድ የንግድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሲሠራ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሦስት ወር ቀርቶ ነበር። ድኖ ከተመለሰ ከዓመት በኋላ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ቦታ ሲያመለክት፣ በተሰጠው ቅጽ ላይ «ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ካለ ከነምክንያቱ ይግለጹ» የሚል መስመር አገኘ። አንዱ ወዳጁ «ባዶውን ተወው» አለው፤ ሁለተኛው «ለቤተ ሰብ ጉዳይ ነው በል» አለው፤ ሦስተኛው ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ከነስሙ ጻፈው» ሲል መከረው። እኛ በሦስቱም ምክር አልተስማማንም።

ከመጨረሻው እንጀምር። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነገረው ለሕመምተኛና ለሐኪም ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም የሚሻው መድኃኒት ሊያዝበት ነው፤ አሠሪ ግን መድኃኒት አያዝም። አሠሪ ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ሰኞ ጧት ሥራው ላይ ይገኛል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። የበሽታውን ስም ሲሰማ ትዝ የሚለው ደግሞ ከሐኪም የተማረው ሳይሆን ከጎረቤት የሰማው ነው። የሳንባ ነቀርሳ የተባለ እንደ ሆነ የሚታየው ሳል ነው፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር እንደሚፈጅ፣ መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉ እንደሚቀር፣ ጨርሶም እንደሚድን አይታየውም።

«ለቤተ ሰብ ጉዳይ» የሚለው ምክር የባሰ ነው። የሐኪሙ ማስረጃ በቀድሞው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ የስልክ ጥሪ ነገሩን ያወጣዋል። ያን ጊዜ አመልካቹ የሚጠየቀው ስለ ሕመሙ መሆኑ ቀርቶ ስለ ውሸቱ ይሆናል። ባዶ መተውም ቢሆን በግልጽ ለተጠየቀ ሰው አይበጅም። ያልተጠየቁትን ግን በማመልከቻ ላይ አስቀድሞ መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ቅጾችም አይጠይቁም።

እንግዲህ ሕጉን እንመልከት። በ1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራው ካደረሰበት ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ጓደኛችን ለሦስት ወር ቀርቶ የሁለት ወር ደመወዝ የተከፈለው በዚህ ስሌት ነው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ የቀረ ሰው ሕግ የሰጠውን ፈቃድ ተጠቀመ እንጂ ሥራውን ጥሎ አልሄደም፤ በቅጹም ላይ «ቀረሁ» ከማለት «የሕመም ፈቃድ ወሰድሁ» ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

ይኸው ዐዋጅ አሠሪ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። በወረቀቱ ላይ እንዲገለጹ የተቆጠሩት የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና የደመወዙ መጠን ናቸው፤ የሕመም ቀን ከእነዚህ ውስጥ የለም። በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግንም ይከለክላል።

ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት በአሜሪካ ነገሩ ይበልጥ በጥንቃቄ ተለይቷል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን አሠሪዎች ይመለከታል። ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አሠሪ ሥራውን ሰጥቻለሁ ሳይል «ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ከሥራ ቀረህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ «ስንት ቀን ታመምህ?» ብሎ ግን መጠየቅ አይችልም። ሁለቱ ጥያቄዎች ለጆሮ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ስለ ሥራው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው ገላ ነው። በአገራችን ያለ አመልካችም ጥያቄው በየትኛውም መልክ ቢመጣለት መልሱን በመጀመሪያው በኩል ቢያዞረው ይጠቀማል ባዮች ነን።

እዚህ ላይ የቋንቋ ተማሪዎች በመሆናችን አንድ ነገር ብንጨምር አንባቢ አይቀየመን። በአማርኛ «አመመኝ» ስንል አድራጊው ሕመሙ ነው፤ እኛ ተደራጊዎች ነን። «በረደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» እንደሚባለው ነው። ለጠያቂ ወዳጅ ይህ አነጋገር መልካም ነው፤ «እግዜር ይማርህ» ያስገኛል። በቅጥር ክፍል ግን «አሞኝ ነበር፣ ጠንቶብኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል» ብሎ የሚጨርስ አመልካች ነገር ሁሉ በላዩ ላይ የሚደርስበት ሰው መስሎ ይቀራል። ራሱ ያደረገውን ይናገር፤ ታከምሁ፣ ሥራዬን ለባልደረባዬ አስረከብሁ፣ ተመለስሁ ይበል። ለጓደኛችን የጻፍንለት መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦

«በሐኪም ትእዛዝ ለሦስት ወር የሕመም ፈቃድ ወስጄ ታክሜአለሁ። ሐኪሙ ፈቅዶልኝ ወደ ሥራዬ ከተመለስሁ ወዲህ ለ14 ወር ያለ ማቋረጥ ሠርቻለሁ። ያመለከትሁበትን ሥራ ከመሥራት የሚያግደኝ የጤና ችግር የለብኝም።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። «ምን ነበር ያመመህ?» ብለው ቢገፉትስ? ስሙን መናገር ካልወደደ «ሕክምናውን የጨረስሁት ነው፤ ሥራውን መቻሌን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ከተፈለገ አቀርባለሁ» ብሎ በትሕትና መመለስ ይችላል።

አንድ ጊዜ ለረጅም ወራት ከቀረ ሰው ይልቅ ዛሬ አንድ ቀን፣ በሳምንቱ ሁለት ቀን እያለ የሚቀር ሰው አሠሪን ይበልጥ ያሰጋል። ይህን ለማስረዳት ቀኑን መቁጠር ሳይሆን ምክንያቱ መወገዱን ማሳየት ያስፈልጋል። በአዋሽ ሸለቆ እርሻ ላይ ሲሠራ ወባ እየተመላለሰበት የቀረ ሰው አዲስ አበባ ሥራ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት።

የሚከብደው ያልዳነ፣ አብሮ የሚኖር ሕመም ነው፤ ስኳርና አስም እንደ ምሳሌ ይጠቀሳሉ። እንዲህ ያለው ሰው «ፈጽሞ አልቀርም» ብሎ ቃል ባይገባ ይሻለዋል፤ ቃሉን በሁለተኛው ወር ያፈርሰዋልና። «በየሦስት ወሩ ግማሽ ቀን የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፤ ቀኑን አስቀድሜ አሳውቃለሁ» ቢል አሠሪው ሊያስብበት የሚችል ልክ ያለው ነገር ሰጠው ማለት ነው። ሕመሙ ሥራውን ራሱን የሚነካ ሲሆን ግን ዝም ማለት አይገባም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለሾፌርነት ሲያመለክት የሌሎችንም ሕይወት ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ሥራ ይዘው ለማያውቁ ጓደኞቻችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በሕመም አንድ መንፈቅ ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ ክፍተቱ በውጤት ማስረጃው ላይ ይታያል፤ የሚጠየቀውም የሚመልሰውም ያው ነው። የሐኪሙን ማስረጃ ቅጂ ግን ከአሁኑ ያስቀምጥ። ሥራ የነበረውም ሰው የቀድሞ አለቃውን ስልክ በቅጹ ላይ ከመሙላቱ በፊት ሄዶ ያነጋግራቸው፤ «የሕመም ፈቃድ ወስጄ እንደ ነበር ገልጫለሁ፤ ቢጠይቁዎ እንዲያውቁት ብዬ ነው» ይበላቸው። ጓደኛችን እንዲህ ባደረገ ጊዜ አለቃው ፋይሉን አስወጥተው የሄደበትንና የተመለሰበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ሰጡት፤ እሱ ራሱ የመመለሻውን ቀን በአምስት ቀን አሳስቶ ይዞት ኖሯል።