ስንጥቁን ማንበብ
የዓመታት ቁጠባችንን ከፍለን ቤት ከመግዛታችን በፊት ከቀለሙ ይልቅ የመስኮቱን ማዕዘን እንመርምር። መሠረት እኩል ባልሆነ መጠን ሲሰምጥ ወይም ሲነሣ ውጥረቱ በማዕዘኑ ላይ ይከማቻል፤ ግድግዳውም ከዚያ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። በአዲስ አበባ፣ በቦሌና በአቃቂ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር ለዚህ የታወቀ ነው። ሸክላማ ቅንጣቶቹ ስስ ንብርብሮች ስለሆኑ በክረምት ውኃ በመካከላቸው ገብቶ ያሳብጣቸዋል፤ በበጋ ደርቀው ይኮማተራሉ። ፀጉር የመሰለ የልስን ስንጥቅ እምብዛም አያሳስብም። ሰያፉን ግን ሻጩ በአዲስ ቀለም ሊሸፍነው ይችላልና እንጠርጥር። በባለቤቱ ፈቃድ፣ ስስ የመስታወት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አጋድመን ጫፎቹን በጀሶ እናጣብቅ፤ ቀኑንም እንጻፍ። ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም ይንቀሳቀሳል። በበጋ ሳይሰበር የቆየ መስታወት ግን ገና ክረምትን አላየም።